ስለ አበረ የጠየቀው እንግዳ

ሰርክአዲስ አበረን ከወደደችው ዓመት አልፏታል፤ አልነገረችውም እንጂ። እሷ ዳንግላ ጋሪ መቆሚያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፤ እሱ ደግሞ የሚያስነሳው ወረቀት ባይኖረውም ከደጇ አይጠፋም።

አንድ ቀን ጃኬት የለበሰ እንግዳ መጣ።

«የእኔ እኅት፣ አበረ የሚባል ልጅ ታውቂያለሽ? ዘመዶቹ እነማን ናቸው? ይጠጣል? አፉስ እንዴት ነው?»

መቼም በዚህ አገር እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ለመዳር የደረሰች ልጅ ያለችው ሰው ነው፤ ከመዳራቸው በፊት ያስጠናሉ። ሰርክአዲስም ይህንኑ አሰበች። ሊድሩት ነው!

«ውይ፣ እሱማ!» አለች። «መጠጥ ይወዳል። ሲጠጣ ደግሞ የነገሩትን ሁሉ ይዘረግፈዋል።»

ውሸቷን ነው! አበረ ጠላ እንኳ አይቀምስም። ሰውየው አመስግኗት ሄደ፤ እሷም፣ እግዜር ይይላትና፣ ደስ ብሏት ዋለች።

በወሩ አበረ ዓይኑ ቀልቶ መጣ።

«የመንግሥት ምስጢራዊ ሰነድ የሚጠበቅበት ቦታ ተወዳድሬ፣ ፈተናውን አንደኛ ወጥቼ ነበር። ለማንም አትንገር ስላሉኝ ከአንቺም ደበቅሁ። ሰው ልከው ጠባዬን ሲያጣሩ ግን ጣሉኝ። ጠጪ ነው፣ ምስጢር አይጠብቅም ተባልሁ። ማን ብሎኝ ይሆን?»

ሰርክአዲስ አቀርቅራ ወረቀቶቿን መደርደር ያዘች።

«ሥራውን ስይዝ ሽማግሌ ልልክብሽ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ባልይዘውም እልካለሁ።»

ይኼን ለመስማት ዓመት ሙሉ ጠብቃ፣ አሁን ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። እኔ ነኝ ለማለትም ድፍረት አጣች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አባቷ አቶ አዝመራው ግን ወሬውን ሰምተው ቆይተዋል።

«መንግሥት ላላመነው ጠጪ ልጄን አልሰጥም!»

ሰርክአዲስ ከጓዳ ወጣች። 

«አባባ፣ ይጠጣል ያልሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ከሴት ወገን የተላከ መስሎኝ፣ ሌላ እንዳያገባብኝ ብዬ ስሙን አጠፋሁት። እወደዋለሁ። እንጀራውን የዘጋሁበት እኔ ነኝ።»



«እንግዲያ» አሉ አቶ አዝመራው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «ሂዱና ልጁን ጠይቁት። እንዲህ ያደረገችውን ይፈልጋት እንደሆነ።»

በማግስቱ ሰርክአዲስ እንጅባራ ሄዳ፣ አበረ በተወዳደረበት መሥሪያ ቤት መዋሸቷን በእጇ ጽፋ ፈረመች። «የዘንድሮው ተዘግቷል፤ ለከርሞ ይወዳደር» አሏት። በሚኒባሱ ውስጥ እያለቀሰች ተመለሰች።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ መጡ። ታላቃቸው አቶ ደረሰ ቁጭ በሉ ቢባሉም አልተቀመጡም።

«ልጁ የላከን እንዲህ ብሎ ነው» አሉ። «መጀመሪያ መቀየሜን ንገሯት። ከዚያ ለትዳር ጠይቁልኝ።»