ከኩታዬ ጫፍ የተቋጠረው

እኔ የጠንቋይ ደጅ ረግጬ የማላውቅ፣ ጋኔን አየሁ የሚለውን ሁሉ ጠጅ አብዝተህ ነው እያልኩ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ይኸንንም ሌላ ሰው ቢነግረኝ በሳቅኩ ነበር።

ወልዴ አብሮ አደጌ ነው፣ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት። ያባቴን ማሳ የእኔ ነው ብሎ ከሰሰኝ። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከሰፈሩ ወዲህ ዳኛውም እዚያው ናቸውና እንደ ደንቡ የሁለታችንን ኩታ ጫፍ ለጫፍ ቋጥረን ተነሳን፣ ቋጠሮውን ፈትቶ የጠፋ ተረታ ማለት ነው። መንገድ ላይ ወልዴ፣ «ይኸን ተራራ ሳናየው ልንሞት ነው እንዴ? በየካ ጫካ በኩል እንሂድና ጉሬዛውንም፣ ዋሻ ሚካኤልንም እንይ» አለኝ፣ እኔ ሞኙ ልቡ የራራ መስሎኝ ደስ አለኝ።

እውነትም ያ ጫካ ታይቶ አይጠገብም። ጥዱ ሰማይ ይነካል፣ ከገደሉ ሥር ውሃው ይወርዳል፣ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን አንዘርፍፈው ሲዘሉ አንጋጥጬ ቀረሁ። ከዚያ ጉሙ ወረደ፣ የገዛ እጄን እንኳ አላይም፣ ብቻ ኩታዬ ወደ ፊት ሲሳብ «ቀስ በል እንጂ!» እያልኩ ተከተልኩ። መልስ የለም። የእኔ እግር ጭቃውን ሲያንቦጫርቅ ይሰማል፣ የእሱ ግን፣ እመነኝ፣ ኮሽታ እንኳ የለውም፣ ያኮረፈ መሰለኝ። አንዴ ገደል አፋፍ ላይ እግሬ ሲከዳኝ ኩታው ተወጥሮ ያዘኝ።

ዋሻው ውስጥ ገባን፣ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ አለቱን ስሳለም ሆዴ ባባ። «ወልዴ፣ ክሱ ይቅር፣ ማሳውን እኩል እናርሰው፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው» አልኩ። ኩታዬ ሁለቴ ሳብ ሳብ ተደረገ። እሺ ማለቱ ነው ብዬ አለቀስኩ።

ዳኛው ደጅ ስደርስ ጉሙ ተገለጠ፣ ወልዴ ቀድሞኝ ዳኛው ፊት ቆሟል፣ ኩታው ደረቅ ነው። «ጌታዬ፣ ቋጠሮውን ፈትቶ ጠፋብኝ» ይላል። ወደ ጎኔ ዞርኩ፣ ማንም የለም፣ ቋጠሮዬ ግን እንደጠበቀ ነው፣ የበሰበሰ ቢጫ የጨርቅ ጫፍ ይዟል። «ቡትቶ ቋጥረህ ልታታልለኝ ነው?» አሉ ዳኛው፣ ማሳውም ለወልዴ ተፈረደ።

ደጅ ስንወጣ አንገቱን ይዤ፣ «ዋሻው ውስጥ ታርቀን አልነበረም ወይ?» አልኩት።

«የምን ዋሻ? አንተ ጉሬዛ ስታይ ነው ፈትቼ የሄድኩት» አለኝ፣ ትንሽ እንኳ አላፈረም። የልጁ ክርስትና አባት ነኝ እኮ፣ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ወልዴ ማሳውን ያርሳል፣ ግማሹን ብቻ። በሬዎቹ መሀሉ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ቢገረፉም አይሻገሩም። ሰዉ ምክንያቱን እኔን ይጠይቀኛል፣ ምን ልበል? ያን ግማሽ ለማን እንደሰጠሁት አላውቅም።