በጋቢ የተጠቀለለው አፈር

ፀዳል መጠበቅ አትወድም። አውቶቡስ መጠበቅ፣ ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ መጠበቅ ያናድዳታል። የምታጠናው ደግሞ ሦስት ሺህ ዓመት ሳይነቃነቅ የኖረ አፈር መሆኑ ጓደኞቿን ሁልጊዜ ያስቃቸዋል።

አፈሩ የመጣው ከሰሜን አላስካ፣ ዛፍ ከማይበቅልበት ቱንድራ ነው። ዴንቨር በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ክንድ በሚያህሉ ሠላሳ ሁለት ቱቦዎች ከነበረዶው ተቀምጧል። በሐምሌ አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፍሪዘሩ ቀጥ አለ።

ፀዳል ያገኘችው ቀዝቃዛ መጋዘን ሁሉ ጋ ደወለች። ሦስቱ አንቀበልም አሏት። አራተኛው ከዴንቨር አጠገብ፣ ኮሜርስ ሲቲ ነበር። ስልኩ ላይ ሙዚቃ ከፍተው ሲያቆዩዋት፣ «ኡፍ! ምናለ ቶሎ ብትሉ!» ብላ አጉረመረመች።

«ቶሎ ብያለሁ። ምን ልታዘዝ?» አለ አንድ የወንድ ድምፅ፣ በአማርኛ።

ሃያ ስድስቱ ቱቦዎች በረዶ በተሞሉ ሣጥኖች ውስጥ ገቡ። ለቀሩት ስድስት ቦታ ስላልነበረ፣ መኪናዋ ውስጥ ባገኘችው የእናቷ ጋቢ ጠቀለለቻቸው። መጋዘኑ በር ላይ፣ በዚያ ሙቀት ወፍራም ጃኬት የለበሰ፣ ቅንድቡ ላይ አመዳይ ያለበት ወጣት ቆሞ ጠበቃት። ኢሳይያስ ይባላል፤ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ የፎርክሊፍት ነጂ ነው።

«ይሄ ሁሉ ሩጫ ለአፈር ነው?»

«ለአፈር ነው። በሩን ክፈትልኝ።»

«ሰላምታ የለም?»

«ቱቦዎቹ ከገቡ በኋላ ሰላም እልሃለሁ።»

ሳቀና ከፈተላት። አለቃውን አስፈቅዶ ምግብ የማይገባበት ትንሽ ፍሪዘር አግኝቶላት ነበር፤ ለአንድ ሳምንት ብቻ። ስድስቱ ቱቦዎች ከነጋቢያቸው ገቡ።

በማግስቱ ቴርሞሜትሩን ልታይ መጣች። በሦስተኛው ቀን ቴርሞሜትሩ ደህና መሆኑን እያወቀች መጣች።

«ቆይ እስቲ፣» አላት ኢሳይያስ፣ «እዚያው አገሩ ላይ ቢቀልጥስ ምን ችግር አለው? ባዶ መሬት አይደል?»

«ባዶ? ዝይ ከስንት አገር በርሮ መጥቶ የሚፈለፍልበት፣ አጋዘን በመንጋ የሚግጥበት፣ ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ አድኖ የሚኖርበት ነው። ከሥሩ ደግሞ የስንት ሺህ ዓመት ሣርና ቅጠላ ቅጠል ሳይበሰብስ እንደበረደ ተኝቷል። ሲቀልጥ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ምድርን ያሞቃል፤ ያኔ ሌላው ይቀልጣል።»

ኢሳይያስ የትልቁን ፍሪዘር በር በመዳፉ መታ አደረገ።

«እኛም ጋ አለ፣» አለ። «አንዱ በሩን ከፍቶ ይረሳል። እርጥብ አየር ይገባና ማሽኑ ላይ አመዳይ ይጋገራል። ማሽኑ አመዳይ ሲለብስ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ መሯሯጥ ዋጋ የለውም። በሩን የምትዘጊው ቀድመሽ ነው።»

ፀዳል ይህንን ነገር ለሁለት ዓመት በሥዕልና በሰንጠረዥ ስታስረዳ ኖራለች፤ አንድም ሰው እንዲህ መልሶላት አያውቅም። «እሑድ ተራራ እንውጣ፤ አንድ ነገር ላሳይህ፣» አለችው። 

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተራራ ወጡ። ጫፉ ላይ፣ ዛፉ ሁሉ ከታች ከቀረ በኋላ፣ የአላስካው ቱንድራ ታናሽ እህት አለች። ፀዳል መዳፍ የምታህል፣ ሮዝ አበባ የነጠበባት ለምለም ጉብታ አሳየችው።

«ይቺ እናትህን በዕድሜ ልትበልጥ ትችላለች። አንድ ጫማ ቢረግጣት ግን ይበቃታል።»

ኢሳይያስ ከዚያ በኋላ መኪናው ጋ እስኪደርሱ ድረስ፣ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ድንጋይ ድንጋዩን ብቻ እየረገጠ ሄደ። ሁለተኛ አላስታወሰችውም። ከኋላው እየተከተለች ጫማውን ታይ ነበር፤ ልቧ የሄደው ያኔ ነው።

ማክሰኞ መጋዘኑ ስትደርስ ውጭ ቆሞ አገኘችው። በሁለት እጁ አንድ ቱቦ ይዟል። ከጎኑ መጋዘኑን የሚያፀዱት እትዬ ጤናዬ ቆመዋል። ከኋላቸው አጥሩ ላይ የእናቷ ጋቢ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«ቀልጧል፣» አላት ኢሳይያስ።

«የኔ ጥፋት ነው ልጄ፣» አሉ እትዬ ጤናዬ። «ጋቢ በረዶ ውስጥ ወድቆ ሳይ አንጀቴ አልችል አለ። የሰው እናት የፈተለችው ነው ብዬ ላደርቀው አወጣሁት። አምስቱን መደርደሪያው ላይ በወግ አስቀመጥኩ፤ ይሄኛው እጥፋቱ ውስጥ ተጣብቆ አልታየኝም። መልሰህ አስገባው፣ እስክትመጣ ይጠነክራል አልኩት። እሱ ግን እምቢ አለ።»

«አደራ ሰጥቼህ ነበር!» አለችው ፀዳል። ሌላም ብዙ አለችው። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ደረገመችው።

ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉ እጇ ላይ ቀረ። ቀልጦ ተመልሶ የበረደ አፈር ካልቀለጠው አይለይም። መልሶ ቢያስገባው ኖሮ ከሠላሳ አንዱ ጋር ትቆጥረውና የውሸት ቁጥር በስሟ ታወጣ ነበር፤ ማንም አያውቅም። እሱ ግን ሊያጣት እንደሚችል እያወቀ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

ፀዳል ተቆጥታ ለመቆየትም ትዕግሥት አልነበራትም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወረደች፤ ፍሪዘሩን ከፍታ ሠላሳ አንዱን ቆጠረችና ወደ እሱ ተመለሰች።

«አምጣው።»

የቱቦውን ክዳን ከፈተችው። ሦስቱም አጎነበሱ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ክረምት የገባበት ሜዳ የሚመስል ሽታ ወጣ፤ መሐሉ ላይ አንዲት ቀጭን ቡናማ የሣር ቅጠል፣ ትናንት የተቆረጠች ይመስል፣ ሳትበሰብስ ተኝታለች።

«ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት የነበረ በጋ ነው፣» አለች በቀስታ። «ሠላሳ አንድ ብዬ እጽፋለሁ። ለምን እንደጎደለም እጽፋለሁ።»

«ስሜንም ጻፊው።»

«የአንተን አልጽፍም።» ቀና ብላ አየችው። «በመጪው ሰኔ ሌላ ላመጣ አላስካ እሄዳለሁ። ሦስት ወር ነው። ትጠብቀኛለህ?»

«መጠበቅ የማትችይው አንቺ፣ እኔን ጠብቀኝ ትያለሽ?»

«ካልጠበቅክ አሁኑኑ ንገረኝ።»

«ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥኩ እጠብቅሻለሁ።»

እጁ ቱቦውን ሲይዝ ቆይቶ ቀዝቅዞ ነበር። ያዘችው፤ አልለቀቀችውም።

«ኧረ በሩን!» ጮኹ እትዬ ጤናዬ። «ፍሪዘሩን ከፍታችሁ ነው እንዴ የምትተያዩት?»

ሁለቱም ሮጡ። በሩን አብረው ዘጉት።