ቀይ ከንፈር፣ ነጭ ጥርስ

ሬሳውን ያስቀመጡት ከዓሣው ጋር ነበር።

ኢንስፔክተር ቲናግ የሪዞርቱን በረዶ ቤት በር ስትከፍት በመጀመሪያ ያየችው በመንጠቆ የተንጠለጠሉትን ቱናዎች ነው። ከእነሱ ሥር ዴኒስ ኦክሊ በሸራ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ከግድግዳው ማዶ ሹካና ሳህን ይንቃጨላል፤ እንግዶቹ ቁርስ ላይ ናቸው፣ የቀረበላቸውም ዓሣ ነው።

«ከዚህ ነው የምታበሏቸው?» አለች ወደ ኋላዋ ሳትዞር።

«ሌላ ማቀዝቀዣ የለንም» አለ የሪዞርቱ ባለቤት ራስል ቶልማን። «ደግሞ በደንብ ተጠቅልሏል።»

ቲናግ በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስነት ዕድሜዋ ብዙ ሬሳ አይታለች። ሬሳ አያቅለሸልሻትም። የሚያቅለሸልሻት ሬሳ አጠገብ ቆሞ እንዲህ የሚናገር ሰው ነው።

«ዓሣውን ራሳችሁ ናችሁ የምታጠምዱት?»

«ኧረ የለም። ከመንደሩ ሴቶች ነው የምንገዛው።»

ከሬሳው ራስጌ በሰማያዊ ፕላስቲክ ገመድ የታሰረ ሣጥን አለ። ክዳኑ ላይ «የዓሣ ማጥመጃ ሥጋ» ተብሎ ተጽፏል። ቲናግ ጽሑፉን አንብባ ተንበረከከችና ሸራውን ገለጠች።

የኦክሊ ከንፈር ደማቅ ቀይ ነው። እዚህ ያፕ ደሴት ላይ ቀይ አፍ የማንንም ዓይን አይስብም፤ ቡው የሚባለውን ፍሬ የማያላምጥ አዋቂ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፣ የቲናግ የራሷ ጥርስም የሸክላ ቀለም ከያዘ ቆይቷል። የሟቹ ጥርስ ግን ነጭ ነው። ጣቷን ወደ ጉንጩ ሰደደችና ለሁለት የተከፈለ አረንጓዴ ፍሬ አወጣች። ምራቁ ቀለም የለውም።

«አንቆት ነው የሞተው» አለ ቶልማን። «የመንደሩ ነርስ አይቶ ጽፏል። ፍሬውን የሰጠው የጀልባ ነጂዬ ጋፋን ነው። ያውም ሊጠልቅ ለተዘጋጀ ሰው! ስንት ጊዜ እንደከለከልኩት አይጠይቁኝ።» ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «ቡው ማላመጥ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። «አውሮፕላኑ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንግዶቹም ይሂዱ፣ ጋፋንንም ወደ ፍርድ ቤት ይውሰዱልኝና ነገሩ ይለቅ።»

«ይውሰዱልኝ?» አለች ቲናግ። በሩን ዘግታ ወጣች።

ከሰው አፍ የተሰበሰበው ታሪክ አጭር ነው። ትናንት ጠዋት ጀልባው ጋፋንን፣ ኦክሊን፣ ሚስቱን ጁዲትንና ዶክተር ማርዊክ የምትባል የጥርስ ሐኪም ይዞ ወጣ። ሦስቱ እንግዶች ግዙፎቹን ክንፋም ዓሦች ሊያዩ የአየር ሲሊንደር ተሸክመው ሃያ አምስት ሜትር ጠለቁ። እዚያ ኦክሊ ድንገት ተዝለፈለፈ። ሐኪሟ ጎትታ አወጣችው፣ ጀልባው ላይ አፏን ከአፉ ገጥማ ብትነፋም አልነቃም። ጀልባው ሲመለስ ቶልማን ወደቡ ላይ ተቀበላቸው።

ጋፋን ወደቡ ዳር ከዛፍ ሥር ተቀምጧል። የቡው ቅርጫቱ ጭኑ ላይ ነው። ቲናግን ሲያይ ተነሣ።

«እትዬ ቲናግ፣ መጣሽ?»

«ተቀመጥ። ለሰውዬው ቡው ሰጥተኸዋል?»

«ለዚያ ሰው?» ጋፋን ምርር ብሎ ሳቀ። «የመጣ ዕለት የመንደሩ ሽማግሌ ራሱ ቢሰጠው ቀምሶ እግሩ ሥር ተፋው። ይቅርታም የለ። እንኳን ልሰጠው አጠገቡ ማላመጥ አስጠልቶኛል።» እየተናገረ ፍሬ ሰነጠቀ፣ ከጠርሙስ ኖራ ነሰነሰበት፣ በቅጠል ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ከተተ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። እስር ቤት ብገባ ማን ያሳድግልኛል?»

«ልጆቹን ተዋቸው። ቅርጫትህ ትናንት የት ነበር?»

ጋፋን አቀረቀረ። «ነርሱን ልጠራ ስሮጥ ጀልባው ላይ ረሳሁት።»

«ከዚያስ?»

«ስመለስ ክዳኑ ወደ ቀኝ ታጥፏል። እኔ የማጥፈው ወደ ግራ ነው።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም። አሁን ላንቺ ብቻ። ምን ብዬ ልናገር? ሰው ቅርጫቴ ውስጥ እጁን ከተተ ልበል? ሚስቴ እንኳ የማታየውን?» ቀዩን ምራቅ ወደ ጎን ተፋ። «ያሳፍራል፣ እትዬ።»

ቲናግ አልሳቀችም። የወንድ ቅርጫት የማይነካ መሆኑን ማንም አያስተምራትም።

ሐኪሟ ቁርሷን ጨርሳ ፎቶ እያየች ነበር። ሁሉም የተከፈተ አፍ ነው። «ሰላሳ ሁለት ሰው አንስቻለሁ» አለች በኩራት። «ይኸውልዎ፣ ድዳቸውን የሚበላው ኖራው ነው። ቀለሙንም የሚያመጣው እሱ ነው። ይህችን አሮጊት ይመልከቱ፣ እንዴት እንደምትዘገንን።»

አሮጊቷ የቲናግ አክስት ናት። ቲናግ ፈረስ እንደሚገዛ ሰው የሰው ጥርስ እየቆጠረች የምትዞረውን ሴት በጥላቻ አየቻት፤ ግን የመጣችበትን አልረሳችም።

«አየር ስትነፊለት አፉ ውስጥ ምን ነበር?»

«ምንም። መጀመሪያ በጣቴ አጽድቻለሁ። ከንፈሩ ቀይ ነበር፣ አፉ ግን ባዶ። ለሚስተር ቶልማን ብነግረው ‹ደንግጠሽ ነው› አለኝ። ነርሱ ደግሞ ፍሬ አገኘሁ ሲል... እንግዲህ ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ነርሱ እስኪመጣ፣ ጁዲትን ወደ ክፍሏ ስወስዳት፣ ሬሳውን የጠበቀው ሚስተር ቶልማን ነው።»

ሚስትየው በረንዳ ላይ ሻንጣዋን ትዘጋለች። ስትናገር ጥርሷ ላይ የደበዘዘ ቅላት ይታያል።

«ቡው ሞክረሻል?»

«የመጣን ዕለት። የመንደሩ ሴቶች ናቸው ያሳዩኝ፣ ኖራውን ሳይቀር። ዴኒስ ከዚያ ወዲያ አልሳመኝም፤ አፍሽ ይገማል አለኝ።» ሻንጣውን ቆለፈች። «አልወደውም ነበር፤ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል? ግን አልገደልኩትም።»

«ከማን ተጣልቶ ነበር?»

«ከትናንት ወዲያ የባሕሩ አፍንጫ ላይ ፎቶ ሲያነሳ ውሎ መጣ። እራት ላይ ቶልማንን ‹ነገ ለሽማግሌው እነግረዋለሁ› አለው። ምኑን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ቶልማን ሹካውን አስቀመጠና ወጣ።»

የባሕሩ አፍንጫ፣ ወደ ውሃው ሾልኮ የገባው የመሬት ጫፍ፣ የጋፋን ዘመዶች መቃብር ነው። እንግዳ አይረግጠውም።

ኦክሊ ጥልቁ ውስጥ የተነፈሰው አየር ከየት እንደተሞላ ልታይ ተነሣች። ሲሊንደሮቹ የሚሞሉበት ጎጆ ከመንደሩ ወዲያ ስለሆነ ከቁጥቋጦ ቅጠል ቀጥፋ በእጇ ይዛ ሄደች፤ በሰው መንደር ባዶ እጁን የሚያልፍ ባለጌ ነው። መንገድ ላይ የሪዞርቱን ወጥ ቤት ሠራተኛ እማማ ላትማውን አገኘቻት።

«ትናንት ጎህ ሲቀድ ያ የአየር መሙያ ሞተር ሲያጓራ ነበር» አለች እማማ ላትማው። «ሌላ ጊዜ ሲሊንደሮቹን ሲመሽ ነው የሚሞሏቸው።»

«ጋፋን ይሆናላ።»

«የምን ጋፋን! ወንዶቹ ሁሉ ከጎህ በፊት የስብሰባ ቤቱን ጣሪያ ሊከድኑ ወጥተው ነበር። እሱም ጣሪያው ጫፍ ላይ ሆኖ ይዘፍን ነበር። አቤት ድምፁ፣ ዶሮ የሚታረድ ነው የሚመስለው።»

ጎጆው ውስጥ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰርና ጄኔሬተሩ ጎን ለጎን ቆመዋል። ንጹሕ አየር የሚስበው ቱቦ ከቤት ውጭ በእንጨት ላይ ከፍ ተደርጎ በኮኮናት ቃጫ መታሰር ነበረበት፤ ጋፋን በሌላ ነገር አያስርም። የቃጫው ቁራጭ መሬት ላይ ወድቋል። ቱቦው አሁን የታሰረው፣ በረዶ ቤት እንዳለው ሣጥን፣ በሰማያዊ ፕላስቲክ ገመድ ነው። ቲናግ ጣቷን ቱቦው ውስጥ አስገብታ አወጣችው፤ ጥላሸት ነው። አሸተተችውና ጣቷን ግድግዳው ላይ ጠረገች። ኦክሊ ከአገሩ ያመጣው ቢጫ ሲሊንደር ጥግ ላይ ባዶውን ተጋድሟል። ሌሎቹ አየር እንደያዙ ናቸው።

ተመልሳ በረዶ ቤት ገባች። ብዙ አልቆየችም። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ቀረበ። ቲናግ ሁሉም እንዲሰበሰቡ አዘዘች፤ ጋፋንም ከሁለት ፖሊሶች ጋር መጣ። እንግዶቹ እንደገና ዓሣ ተሰጥቷቸዋል።

«ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?» አለ ቶልማን። «አውሮፕላኑ ሊያመልጣቸው ነው።»

ቲናግ ሁለት ነጭ ሳህን ጎተተች። ከኪሷ ፍሬ አውጥታ ብቻውን አፏ ውስጥ ከተተች። ረጅም ጊዜ አላመጠች። ከዚያ የመጀመሪያው ሳህን ላይ ተፋች። ጁዲት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ምን ዓይነት ብልግና ነው!» አለ ቶልማን። «ሰው እየበላ!»

«ይመልከቱት። ቀይ ነው?»

ቀይ አይደለም። ውሃ የጠጣ ሣር ይመስላል። ቲናግ ሁለተኛውን ፍሬ ኖራ ነሰነሰችበት፣ በቅጠል ጠቀለለች፣ አላመጠች፣ ሁለተኛው ሳህን ላይ ተፋች። ደም የመሰለ ነገር ነጩ ሳህን ላይ ተንጣለለ።

«ቡውን የሚያቀላው ኖራ ነው» አለች አፏን እየጠረገች። «በኦክሊ ጉንጭ ውስጥ ያገኘሁት ፍሬ ግን ኖራ አልነካውም። ታዲያ ከንፈሩን ያቀላው ምንድን ነው? የሞተር ጭስ። አንድ ጊዜ የጀልባ ሞተር አጠገብ ተኝቶ የሞተ ዓሣ አጥማጅ አንስቻለሁ፤ ከንፈሩ እንዲሁ ነበር። ትናንት ጎህ ሲቀድ አንድ ሰው ቱቦውን ከቦታው አውርዶ ጄኔሬተሩ ጭስ ላይ ደቅኖ የኦክሊን ሲሊንደር ብቻ ሞላ። ያ አየር መሬት ላይ ያን ያህል አይታወቅም፤ ጥልቁ ውስጥ ግን ይገድላል። በኋላም ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን አየር አስወጣው።»

«ጋፋን ነው የሚሞላው» አለ ቶልማን።

«ጋፋን በዚያ ሰዓት ጣሪያ ላይ ሲዘፍን መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል። ሰምተውም ተማርረዋል።» ከፖሊሶቹ አንዱ ፈገግ አለ። «ገዳዩ የኦክሊ ከንፈር እንደሚቀላ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሬሳው ከጀልባ ከወረደ በኋላ ቅላቱ የቡው እንዲመስል ፍሬ አፉ ውስጥ ወሸቀበት። ዶክተሯ ብትሆን ኖሮ ኖራውን ታስብ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ኖራ ነው የምታወራው። ወይዘሮ ጁዲትም ራሷ በኖራ አላምጣለች። ኖራውን የዘነጋው ቡውን ቀምሶ የማያውቅ፣ ማየቱም የሚያስጠላው ሰው ነው።»

የቶልማንን ፊት ላብ አጠመቀው። «ይሄ ማስረጃ አይደለም። ማንም ሰው ጀልባ ላይ ከተተወ ቅርጫት ፍሬ ሊያወጣ ይችላል።»

ጋፋን ቀና ብሎ አየው።

«ቅርጫቱ ጀልባ ላይ መተውን ጋፋን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው» አለች ቲናግ። ከዚያም አንቱታውን ተወችው። «አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ኖረሃል። አሥራ ሁለት ዓመት! ስናላምጥ አይተሃል፣ ስንስቅ አይተሃል፣ አንድ ቀን አጠገባችን ቁጭ ብለህ ይሄ ነጭ ዱቄት ምንድን ነው ብለህ አልጠየቅክም። ሳምንት የቆየች እንግዳ ያወቀችውን አላወቅክም።»

ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠቻቸው። ሣጥኑን አምጥተው ሳህኖቹ መካከል አስቀመጡት። ሰማያዊው ገመድ ተፈትቷል።

«ዓሣ የማያጠምድ ቤት ማጥመጃ ሥጋ ምን ያደርግለታል ብዬ ከፈትኩት። ኦክሊ የባሕሩ አፍንጫ መቃብሮች ተቆፍረው ሳያይ አልቀረም። ሽማግሌው ቢሰማ መንደሩ ይህን መሬት በማግስቱ ከእጅህ ይወስደው ነበር።» ክዳኑን አነሣች። «ለየትኛው ቅርስ ሰብሳቢ ልትልካቸው እንደነበር በኋላ ትነግረኛለህ። አሁን ድምፅህን መስማት አልፈልግም።»

በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት የራስ ቅሎች ናቸው። ጋዜጣው በዓሣ ደም ርሷል።

ጁዲት ሳህኗ ላይ ያለውን ዓሣ አየች፣ ከዚያ ሣጥኑን፣ ከዚያ እንደገና ዓሣውን። አፏን በእጇ አፍና ወጣች። ሐኪሟ ፎቶ ማንሻዋን ወደ ሣጥኑ ስታነሣ ቲናግ እጇን ይዛ አወረደችባት።

ቶልማን «ጋፋን...» ብሎ ጀመረ። ምን ሊል እንደነበር ማንም አላወቀም፤ ማንም አልጠየቀውም። ፖሊሶቹ በሁለት ክንዱ ይዘው አወጡት።

ጋፋን ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ነጻ መውጣቱ የገባው አይመስልም። ረጅም ጊዜ ሣጥኑን ተመለከተ። ቀስ ብሎ ቅርጫቱን ገለበጠው፤ ፍሬው፣ ቅጠሉ፣ የኖራው ጠርሙስ ሁሉ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ተበተነ።

«ቅርጫትህን ያዝ እንጂ» አለችው ቲናግ።

«ለእሱ ይሁን። እጁን አስገብቶበታል።»

ካናቴራውን አውልቆ ቅሎቹን አንድ በአንድ ጋዜጣውን እየላጠ ጠቀለላቸው። ለእያንዳንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ነገረው። ከዚያ ጠቅላላውን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ባሕሩ አፍንጫ በሚወስደው መንገድ ወጣ።

ቲናግ እማማ ላትማውን ጠርታ በረዶ ቤት ያለውን ዓሣ ሁሉ እንድትቀብር አዘዘቻት። እጇን ሁለቴ በሳሙና ታጠበች፤ የጥላሸቱ ሽታ ግን አልለቀቃትም። በሩ ላይ ቅጠል ቀጥፋ በእጇ ያዘችና ጋፋንን ተከተለችው።