ገለቴን ያመማት

«ያሳክክሻል?»

«አዎ።»

«ፈሳሹስ ምን ይመስላል?»

የትናየት አንገቷን ደፋች። የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ቶይባ ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ተነስተው በሩን ዘጉና ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። «እኔም ሴት ነኝ። ሴቶች ልጆችም አሉኝ» አሏት።

«ነጭ ነው» አለች በመጨረሻ። «ወፈር ያለ፣ እንደ እርጎ የረጋ። ሽንቴን ስሸናም ያቃጥለኛል።»

«መጥፎ ሽታ፣ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመምስ?»

«የለም።»

«ሰሞኑን የወሰድሽው መድኃኒት ነበር?»

«ለቶንሲል፣ አሞክሳሲሊን ሰጥተውኝ ነበር።»

ሲስተር ቶይባ ከመረመሯት በኋላ እጃቸውን እየታጠቡ አስረዷት። ፈንገስ ነው። ድሮም በሴት ሰውነት ውስጥ በጥቂቱ ይኖራል፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲወሰድ ደግሞ አንዳንዴ ይበዛል። በሳሙናና በሎሚ መታጠቧን ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ነው ያባሰብሽ። በንጹሕ ውኃ ብቻ ታጠቢ። ይህን ቅባት ሳምንት ተጠቀሚ፤ ካልተሻለሽ፣ ወይም ሽታና ትኩሳት ከመጣ ተመለሺ።»

«የሚይዘው ግን… ከወንድ ጋር የሄደችን ሴት አይደለም?»

«ማን አለሽ? ያገባችም ልጃገረድም ትያዛለች። ወንድ ነክቷት የማታውቅ ልጅ ስንቴ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣለች መሰለሽ።»

የትናየት ማልቀስ ጀመረች። ሲስተር ቶይባ ለራሷ ያለቀሰች መሰላቸው።

ያለቀሰችው ግን ለገለቴ ነበር። ሁለቱ ከገጠር መጥተው ላሊበላ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ዘጠነኛ ክፍል ይማሩ ነበር። ስንቃቸው ከየቤታቸው ይመጣል፤ ድስታቸውም ፍራሻቸውም አንድ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ገለቴ ልክ ይህንኑ ነገረቻት፤ ማሳከኩን፣ ነጩን ፈሳሽ፣ ማቃጠሉን። «ለማንም እንዳትነግሪብኝ» ብላ ለመነቻት።

የትናየት በማግሥቱ ለክፍላቸው ልጅ ለየአብስራ ነገረቻት። መላ እንድትነግረኝ ብዬ ነው እያለች ራሷን ስታታልል ከርማለች። እውነቱ ግን የአብስራ የከተማ ልጅ ናት፤ ሴቱ ሁሉ የሚከባት ናት። የትናየትን ዞር ብላ አይታት አታውቅም ነበር። ያን ቀን ግን «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» አለቻት።

ሦስት ቀን አልፈጀም። «ገለቴን የወንድ በሽታ ይዟታል» ተባለ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ወሬው አባቷ ጆሮ ገባ።

አባቷ ጋሽ አለሜ እሑድ መጡ። አልጮኹም፣ አልመቷትም። የልጃቸውን ብርድ ልብስ ጠቅልለው በገመድ አሰሩ። ያኔ ገለቴ ወደ የትናየት ዞራ «አንቺ ታውቂያለሽ። የትም ሄጄ እንደማላውቅ ንገሪልኝ» አለቻት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች የትናየት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍራሹ ላይ ብቻዋን ተኛች። ይህን ሁሉ ለሲስተር ቶይባ ስትነግራቸው «ጓደኛሽንም ይዘሻት ነይ» አሏት።

ከጤና ጣቢያው በወጣች በሁለተኛው ቀን ገበያ ነበር። ጋሽ አለሜን ከገብስ ነጋዴዎቹ መካከል አገኘቻቸው። ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

«ጋሽ አለሜ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች። ሁሉንም ነገረቻቸው። እሷንም ያው እንደያዛት፣ ነርሷ ምን እንዳሏት፣ ወሬውን ማን እንደጀመረው። ስለ እንዲህ ያለ ነገር ከወንድ፣ ያውም ከአባት ጋር አውርታ አታውቅም።

ሽማግሌው የስልቻቸውን አፍ አሰሩ። ይቆጣል ብላ የጠበቀችው ፊት ጭራሽ ደከመ።

«ታዲያ እስካሁን ያማታል ማለት ነው?» አሉ። «አራት ወር ሙሉ እኮ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።»

የቀረውን ገብስ ሳይሸጡ አህያቸውን ጫኑ። የትናየት ሳትጠየቅ ተከተለቻቸው። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ለአራት ሰዓት ያህል ተጓዙ።

ገለቴ በጓሮ በኩል ውኃ ተሸክማ ስትመጣ አገኟት። ከስታለች። መንደርተኛው እንዳያያት ምንጭ የምትወርደው ለብቻዋ፣ ሰው ሳይኖር መሆኑን አባቷ መንገድ ላይ ተናግረዋል። እንስራዋን አውርዳ ቆመች እንጂ «ግቢ» አላለችም።

የትናየት በድጋሚ ሁሉንም ተናገረች። ሲስተር ቶይባ ገለቴን ይዛት እንድትመጣ ማለታቸውንም ጨመረች።

«ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል» አለች ገለቴ። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ትምህርቱ ግን ዘንድሮ አለፈኝ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ገለቴ እንስራዋን መልሳ አነሳች። «እውነቱን ለየአብስራስ ነግረሻታል?» ስትል ጠየቀች።

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ጋሽ አለሜ ልጃቸውን ሰኞ ጠዋት በአህያ ይዘው ጤና ጣቢያው ደጃፍ ደረሱ። የትናየት ከሩቅ አየቻቸው፤ ገለቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። ልትቀርባት ፈለገች፤ ግን ወደ ትምህርት ቤት አቀናች።

የአብስራና ጓደኞቿ እንደ ወትሯቸው የድንጋዩ አጥር ላይ ተደርድረው ያወራሉ። ለየትናየት ቦታ ለቀቁላት። አልተቀመጠችም።

«ስለ ገለቴ የነገርኳችሁ…» አለች።

«ደግሞ ምን አዲስ ወሬ አመጣሽ?» አለች የአብስራ እየሳቀች።

«እኔንም ይዞኛል» አለች የትናየት። ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀችና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው።