በመድኃኒቱ ድስት ላይ የወደቀ ጥርጣሬ

ፕራባካራን አርባ ዓመት ሙሉ በሐይቁ ላይ የሕዝብ ጀልባ ሲነዳ ኖሯል። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። ሚስቱ ማዳቪም መንደሩ ሁሉ ወደሚያምናቸው የባህል ሐኪም ይዛው ሄደች። ራጋቫን የሚባሉት እኚህ ሽማግሌ የእጁን ትርታ አዳምጠው፣ ምላሱን አይተው፣ ደረቅ ሥራሥርና ቅጠል በጥቅል በጥቅል አስረው ሰጡት።

«እያፈላህ ጠዋትና ማታ በባዶ ሆድ ትጠጣለህ፤ ለአርባ አንድ ቀን» አሉት። «ሥጋና ዓሣ ይቅርብህ። አልኮል ግን ጠብታም ቢሆን በአፍህ እንዳይገባ። መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው፤ ከመጠጥ ጋር አይስማማም።»

«እኔ መጠጥ ካቆምኩ ቆየሁ» አለ ፕራባካራን። ማዳቪም እውነቱን ነው ስትል መሰከረችለት።

መድኃኒቱን ማፍላት የምራታቸው የስሚታ ሥራ ሆነ። የስሚታ ባል ሳጂቭ ዶሃ ነው የሚሠራው፤ እሷ ከአማቶቿ ጋር ትኖራለች። በየቀኑ አራት ብርጭቆ ውሃ ወደ አንድ እስኪወርድ ድስቱ አጠገብ ትቆማለች። ቤቱ በሙሉ መራራ መራራ ይሸታል።

ሁለት ሳምንት መልካም ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ፕራባካራን ምግብ ጠላ። ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለው፣ በረንዳውን ሲወጣ ይደናቀፍ ጀመር። አንድ ጠዋት ደግሞ የዓይኑ ነጭ እርድ መስሎ ተነሣ።

ጎረቤታቸው ኦማና በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። «ማዳቪ፣ ለመሆኑ ድስቱን የሚይዘው ማነው?»

«ምራቴ ናታ።»

«እኔ ምንም አላልኩም። እንዲያው ጠየቅኩ እንጂ።»

ይህቺ ቃል በማዳቪ ልብ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰካች። ከወር በፊት ስሚታ ከተማ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ መደብር ሥራ አግኝታ ነበር። ፕራባካራን «የእኔ ምራት ቆማ ጨርቅ አትሸጥም» ብሎ ከለከላት። ልጅቷ መልስ አልሰጠችም፤ ሳህኖቹን አጥባ ወደ ክፍሏ ገባች። ያን ጊዜ ማዳቪ ጨዋነቷን ወድዳላት ነበር። አሁን ግን ያ ዝምታ ቂም ሆኖ ታያት።

ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከምራቷ ላይ አልነቀለችም። ድስቱን ታሸታለች። ጥቅሎቹን ፈትታ ቅጠሉን አንድ በአንድ በጋዜጣ ላይ ትዘረጋለች። ስሚታ ስታማስል ከበሩ ኋላ ትቆማለች።

«እማማ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ?»

«በገዛ ቤቴ ለመቆምም ላስፈቅድ እንዴ?»

በመጨረሻ መድኃኒቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ራሷ ታፈላው ጀመር። ፕራባካራን ግን ይብስ ደከመ። ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ስሚታን ነጻ ባወጣት ነበር። ጥርጣሬ ግን አንዴ ከገባ ምክንያት አያጣም፤ ማዳቪ «እንግዲያው ሩዙ ውስጥ ነው የምትጨምረው» አለች። ቤት ያለውን ሁሉ አሸተተች፤ ያላሸተተችው የባሏን አፍ ብቻ ነው። እሱ እንደሆነ ከውጭ ሲመለስ ሄል ያኝካል፤ የቀረውን የመድኃኒቱ ሽታ ይሸፍንለታል።

ማዳቪ ለልጇ ስልክ ደወለች። «አባትህን ሳልቀብር ሚስትህን ወደ ወላጆቿ ላክልኝ» አለችው። ሳጂቭ ሚስቱን ቢጠይቅ «እኔ ምንም አላደረግሁም» ከማለት ሌላ መልስ አጣ፤ እናቱን ደግሞ መጋፈጥ አልቻለም። «ለጊዜው ሂጂላት» አላት። ይህ ሁሉ ሲሆን ፕራባካራን በረንዳው ላይ ተኝቶ ይሰማ ነበር። ሰምቶም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስሚታ ልብሷን ሸክፋ ብቅ አለች። «ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እማማ። አባባ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን እግሬን ላፍታታ ብለው ይወጣሉ። የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ?»

«ባልንጀሮቹ ዘንድ ነዋ፤ ጀልባ ማቆሚያው ጋ።»

«ከጀልባ ማቆሚያው ጀርባስ ያለው ቤት የምን ቤት ነው?»

ማዳቪ አልጠፋትም። ከኮኮናት ዛፍ የሚቀዳው «ካሉ» የተባለ አስካሪ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ነው።

«ራስሽን ለማዳን ብለሽ አማትሽን ልታሳጪ? ጭራሽ ምላስ አበቀልሽ?»

«ቀድሜ ብናገርስ ማን ያምነኝ ነበር?»

ማዳቪ ሳትመልስላት በረንዳው ላይ አንድ ነገር ጓ አለ። ፕራባካራን ሊነሣ ሲሞክር ወድቋል። ስሚታ ሻንጣዋን እዚያው ጥላ ባጃጅ ልትጠራ ሮጠች። ሆስፒታል ያደረሰችውም እሷው ናት።

የተቀበለቻቸው ወጣት ሐኪም ዓይኑን ገልጣ፣ ሆዱን ዳብሳ፣ ደም አስመረመረች። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ስትጠይቅ ማዳቪ ጥቅሉን ከመቀነቷ አውጥታ ሰጠቻት። «መጠጥስ?»

«ኸረ አይቀምስም» አለች ማዳቪ።

«የጠየቅሁት እሳቸውን ነው። አባቴ፣ ጉበትዎ ክፉኛ ተጎድቷል። ያልነገሩኝን ላክም አልችልም።»

«ካሉ ብቻ ነው» አለ ፕራባካራን ጣራ ጣራውን እያየ። «ሲያመኝ አልፎ አልፎ ብራንዲ። መድኃኒቱ ቅጠል ነው፤ ካሉም ከዛፍ ነው የሚመጣው። ዛፍ ከዛፍ ምን ይጣላል ብዬ ነው።»

«የሚጣሉት እርስዎ ሆድ ውስጥ ነው» አለች ሐኪሟ። «ቅጠል ስለሆነ መድኃኒትነቱ አይቀርም። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ሊጎዳም ይችላል። ጉበትዎ አንዱን ብቻውን ሊችለው ይችል ይሆናል፤ በየቀኑ ሁለቱን ሲጭኑበት አቃተው። መድኃኒቱን የሰጡዎት ሰው አልነገሩዎትም?»

«ነግረውኛል» አለ፤ ድምፁ እምብዛም አልተሰማም።

ማዳቪ የአልጋውን ብረት ይዛ ቀረች። ያመማት መጠጡ አይደለም። «ልጅቷን ሳባርራት እየሰማህ ነበር» አለችው። «አንድ ቃል፣ የሳጂቭ አባት። አንድ ቃል አልወጣህም?»

«እሷ ብትሄድ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል ብዬ አሰብኩ።»

ማዳቪ ዞር ስትል በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ስሚታ የለችም። ከሆስፒታሉ ቀጥታ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ወላጆቿ ሄዳለች።

ፕራባካራን አስራ ዘጠኝ ቀን ተኛ። ከሞት ተረፈ፤ ጉበቱ ግን እንደ ድሮው አይሆንም ተባለ። ራጋቫን ሊጠይቁት መጥተው «አርባ ዓመት ሕዝብ ሕይወቱን በእጅህ አስይዞህ ነበር። አንተ አንዲት ቃሌን አልጠብቅም አልክ?» ብለውት ወጡ።

በወሩ ባልና ሚስት ወደ ስሚታ ወላጆች ቤት ሄዱ። ፕራባካራን ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥም አለ። ቆሞ በአባቷ ፊት ያደረገውን አንድም ሳያስቀር ተናገረ፤ ለሳጂቭም ደውሎ ያንኑ ደገመለት። ማዳቪ ቀጠለች፦ «እኔ ደግሞ ጥፋተኛውን ከመፈለጌ በፊት በአንቺ ላይ ፈረድኩ። ኦማና እሾሁን ሰጠችኝ፤ የተከልኩት ግን እኔ ነኝ።»

ስሚታ አማቷን ትክ ብላ አየችው። «ሐኪሟ ስትጠይቅዎ የተናገሩት ሕይወትዎን ፈርተው ነው» አለችው። «እኔ እንደ ገዳይ ስቆጠር ግን አልፈሩም።»

«እውነትሽን ነው» አለ ፕራባካራን።

«እንግዲህ ሰኞ ጨርቅ መደብሩ ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ። ከቤታችሁ ሆኜ ልሥራ ወይስ ከአባቴ ቤት፣ እናንተ ወስኑ።»

እሱ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ እሱን። «ከቤትሽ» አለች ማዳቪ።

ውድ አንባቢ፣ ቅጠሉና ሥራሥሩ ከእናት ከአባት ስለወረስናቸው አይጎዱም ብለን ከመጠጥ ጋር አንደባልቃቸው። የምንወስደውንም የምንጠጣውንም፣ የባህል ይሁን የሆስፒታል፣ ለሚያክመን ሰው እንንገር። ፕራባካራን የደበቀው ነገር የጎዳው ጉበቱን ብቻ አይደለም። ስሚታ ተመልሳ ከእነሱ ጋር ትኖራለች፤ ለፕራባካራን የሚሆን ምግብ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አትሠራም። ማዳቪም ለምን ብላ ጠይቃት አታውቅም።