አምፖል የመያዝ ተራ

ፀጉር ሠሪዋ ወርቃማዎቹን የዛፍ ጌጦች ስትገዛ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለዘንድሮ ገና እንኳ ቤታችን የሰው ቤት ይምሰል። እናቷ ግን ካርቶኑን ከፍተው አዩት፣ መልሰው ዘጉት፣ ከአልጋ ሥርም ያንን የፈረደበት የቆርቆሮ ሣጥን ጎትተው አወጡ።

«እማዬ፣ ዛሬ እንግዳ አለብን እኮ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ አይደል በጊዜ የጀመርኩት።»

ከዚያ ሣጥን የማይወጣ ጉድ የለም። የወንድሟ የሕፃንነት ጫማ፣ ያውም ግራው ብቻ። አንድ ዓይኑ የወለቀ የአባቷ መነጽር። እሷ በልጅነቷ ከጥጥ የሠራችው፣ በግ ይሁን ደመና እስካሁን ያልለየለት ነገር። ከድሮው ቤታቸው የተነቀለ የበር እጀታ። እናቷ ሁሉንም በጨርቅ እየወለወሉ በክር አንጠለጠሏቸው። እጀታው ከብዶ ቅርንጫፉን አጎበጠው።

«ይሄስ ይቅር፣ በናትሽ።»

«አባትሽ ከሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነበር።»

ፀጉር ሠሪዋ እጀታውን ወደ ግንዱ አስጠግታ አሰረችው።

ከሁሉም የባሰው የመብራቱ ገመድ ነው። አባቷ በሕይወት ሳሉ በአንድ የገና ዋዜማ ተበላሸና በጥቁር ፕላስተር ጠጋግነው አበሩት። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቀይ አምፖል በአውራ ጣት ተጭና ካልተያዘች ገመዱ በሙሉ አይበራም። ሌላ ቤት ቢሆን አዲስ ይገዛል፤ እነሱ ቤት ተራ ወጣ። ዋዜማውን አንዱ ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ አምፖሏን ይይዛል፣ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። አባቷ ካረፉ፣ ወንድሟም ሥራ ይዞ ሩቅ ከተማ ከገባ በኋላ ተራው እናትና ልጅ ላይ ወደቀ። የዕድሜ እኩዮቿ በዋዜማው ሲዝናኑ እሷ አምፖል ይዛ ታመሻለች።

እንግዳው ኤሌክትሪሺያን ነው። የተዋወቁት የፀጉር ቤቱ መብራት ድርግም ያለ ቀን ነበር። አንዲት ደንበኛ ፀጉሯ በሙሉ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ስትነጫነጭ፣ እሱ መሰላል ላይ ሆኖ «ሽቦው ደክሞት ነው፤ ሰው ቢሆን እረፍት ይወጣ ነበር» አለ። ደንበኛዋ ሳቀች። ፀጉር ሠሪዋ አልሳቀችም፣ እጆቹን ታይ ነበር። በማግስቱ የሠራውን ልይ ብሎ ሳይጠራ መጣ፤ በሳልስቱም እንዲሁ። እንደዚያ የተጠየቀ ሶኬት በከተማው አልነበረም።

አሁን ለመጋባት ተስማምተዋል። እናቷ እሺ ሳይሉ ግን ቀን እንደማትቆርጥ ነግራዋለች። እናቷ ደግሞ «እስኪ ልየው» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም።

መጣ። እናቷ ተቀብለው አስቀመጡትና ሻይ ሊያፈሉ ገቡ። እሱ ዛፉን አየ፣ ቀጥሎ ቀይዋን አምፖል ተጭኖ የያዘ ጣቷን።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተራዬ ነው» አለች፣ ጆሮዋ በሐፍረት እየጋለ። «ምንም እንዳትጠይቀኝ።»

ሳቁን ዋጠ። ሁሌም የሚያሸንፋት ይህ ሳቁን መዋጡ ነው። «ላሳርፍሽ» ብሎ ሶኬቱን ነቀለ፣ ፕላስተሩን ላጠ፣ የተበጠሰውን ሽቦ አገናኝቶ መልሶ ሰካው። ዛፉ ከነኮተቱ በራ። ጣቷን አነሳች፤ አልጠፋም።

እናቷ ትሪ ይዘው ብቅ አሉ። ዛፉን አዩ፣ ከዚያም የልጃቸውን ባዶ እጅ።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ከእንግዲህ መያዝ አያስፈልገውም።»

ትሪውን አስቀምጠው መኝታ ቤታቸው ገቡና በሩን ዘጉት። ዓይን ሊኩል ሄዶ ዓይን አጠፋ ማለት ይኸው ነው።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

«ሠራኸዋ! ማን ሥራው አለህ?»

«መልሼ ልፍታው?»

«አሁን ደግሞ ልታበላሸው?» አለችና ደሟ እንደፈላ እናቷን ተከትላ ገባች።

«እማዬ፣ ሰውዬው ደግ ልሥራ ብሎ ነው። ለአንድ ቁራጭ ፕላስተር እንግዳ ጥሎ ይገባል?»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። «ስለ ፕላስተሩ መሰለሽ? ያኔም አዲስ ልግዛ ብዬው ነበር። ‹ተይ፣ ልጆቹ የሚቀመጡልን በሷ ሰበብ ነው› አለኝ አባትሽ። ወንድምሽ ሄደ። አንቺ ጠዋት ትወጫለሽ፣ ማታ ደክሞሽ ትተኛለሽ። አጠገቤ ረግተሽ የምትቀመጪው ያቺን አምፖል ስትይዢ ብቻ ነው። እሷን ሠራት፤ አንቺንም ይዞሽ ሊሄድ ነው።»

ይዛው የገባችው ንዴት ሁሉ በኖ ጠፋ። በራሷ አፈረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቁጭ በይልኝ ተብሎ ይለመናል እንዴ?»

እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸው። ኤሌክትሪሺያኑ ዛፉ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። በሩ ስስ ነውና ሁሉንም ሰምቷል። መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል፤ እሱ ግን ቀይዋን አምፖል በአውራ ጣቱ ተጭኖ ይዟል።

«ተሠርቷል አላልክም?» አሉ እናትየው።

«ተሠርቷል፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ትይዛለህ?»

«ተራዬ ነው።»

እናትየው ቀረብ አሉና እጁን ያዙ።

«በቀኝ አይያዝም» አሉ ምርር ብለው። «በግራ ነው፤ ቀኙ ሻይ መጠጫ ነው። የሷም አባት እንዲሁ ነበር፣ ስንቴ ነግሬዋለሁ።» እጁን ቀየሩለትና ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። «ለከርሞም ተራ አለብህ። ሚስቴ ደክሟታል ምናምን ብትል አልሰማም።»

«ሚስቴ» አሉ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እሱም ቀና ብሎ አያት፣ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው።

«ፕላስተሩንስ የት ጣልከው?»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። እናትየው ክር አስገቡለትና ከበሩ እጀታ ጎን አንጠለጠሉት።

«እማዬ፣ ይሄንንም?»

«ይሄንንም።»

ፀጉር ሠሪዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ወርቃማዎቹን ጌጦች ከነካርቶናቸው አልጋ ሥር ገፋቻቸውና ሦስተኛ ወንበር ይዛ ተመለሰች።