ከቱቦው የመጣው ሳል

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ...

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ የቆርቆሮ ጣሪያውን ታንጣጣዋለች።

ቦታው ኢቹካ የምትባል ከተማ፣ መሪ የሚባለው ወንዝ ዳር፣ የአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት።

አባቴ ኔቪል ዕድሜውን ሙሉ ቀይ ባሕር ዛፍ ሲያለሰልስ ኖረ። ብናኙ ሳንባውን በላው። ባለፈው ክረምት ቀበርነው።

እናቴ ሜርል ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ዝር ብላ አታውቅም። ድሮ ማታ ማታ አባቴ እዚህ በርጩማው ላይ አስቀምጦ ጸጉሯን ይጎነጉንላት ነበር።

እኔና ወንድሜ ዳርሲ የገባነው፣ አባቴ ለእሷ ብሎ የጀመረውን ጠረጴዛ ልንጨርስላት ነው።

ዳርሲ በማሽን ያለሰልሳል። እኔ ብናኙን የሚስበውን የቫኪዩም ቱቦ ይዣለሁ።

ጣ...

ነዘረኝ።

"አንቺ ፈሪ" አለ ዳርሲ እየሳቀ። "አየሩ ሲደርቅ ብናኙ ከፕላስቲኩ ጋር እየተፋተገ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ሽቦ አስረሽ ከመሬት አገናኚው።"

አገናኘሁት። ንዝረቱ ቆመ።

ትንሽ ቆይቶ የክንዴ ጸጉር መቆም ጀመረ... አንድ በአንድ።

"ዳርሲ... አጥፋው።"

"አጥፍቼዋለሁ እኮ።"

ገመዱን ከሶኬት ነቀልኩት።

ቱቦው ግን እጄ ላይ ይንጣጣል... ጣ... ጣ...

ከዚያ ቱቦው ሳለ።

ደረቅ፣ ረጅም ሳል... መጨረሻው ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው። ያንን ሳል ስንት ሌሊት ከግድግዳ ማዶ ስንሰማው አድረናል።

"ሰማሽ?" አለ ዳርሲ በሹክሹክታ።

"ዝም በል።"

"እሱ ነው?"

"ዝም በል አልኩህ።"

ቱቦውን ጣልኩት።

ቀዩ ብናኝ ከወለሉ ተነሣ። ንፋስ የለም። መስኮቱ ዝግ ነው። ቀስ እያለ... ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ እናቴ ቆማለች።

"እማዬ፣ አትግቢ።"

የሰማችኝ አትመስልም። ብናኙን አሻግራ አየችው። አልደነገጠችም። ዓይኗ ብቻ እንባ ሞላ።

"ኔቭ" አለች ቀስ ብላ፣ አባቴን ስታቆላምጠው እንደምትጠራው። "ዛሬም ጭምብልህን አላደረግክም?"

ሳሉ ቆመ።

እናቴ ገባች። የአባቴ በርጩማ ላይ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ተቀመጠች። የጸጉሯን መያዣ ፈታችው።

ዳርሲ እጄን ያዘኝ።

ነጭ ጸጉሯ ከትከሻዋ ላይ ተነሣ... ሦስት ቦታ ተከፈለ...

ከዚያ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ ብሎ መጎንጎን ጀመረ።